ዕጣን ከየት ይመጣል? የልጄ ጥያቄና የመርካቶው ቅዳሜ

ካናዳ ያለችው እህቴ መጋቢት ላይ አንድ ቪዲዮ ላከችልን። ልጆቿን ይዛ ከከተማ ወጣ ያለ ጫካ ሄዳለች። በረዶው ገና አልቀለጠም። ዛፎቹ ላይ ባልዲ ተንጠልጥሏል። ግንዱ ላይ ከተሰካች ትንሽ ቧንቧ ውኃ የመሰለ ነገር ጠብ ጠብ ይላል። ያንን ውኃ ሰብስበው በሰፊ መጥበሻ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያፈሉት ይውላሉ፣ መጨረሻ ላይ ማር የመሰለ ወፍራም ሽሮፕ ይሆናል። ዛፉን ሜፕል ይሉታል። 40 ሊትር ፈሳሽ ተፍቶ የሚወጣው 1 ሊትር ሽሮፕ ነው አለችን። ልጆቹ ትኩሱን ሽሮፕ በረዶ ላይ አፍስሰው በእንጨት እየጠቀለሉ ሲልሱት ይታያል።

ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ቪዲዮውን ሦስቴ ደጋግማ አየችውና «አባዬ፣ እኛ አገርስ ከዛፍ የሚወጣ ነገር የለም?» አለችኝ። እኔ ፈተና እያረምኩ ነበር። «ሙጫ አለ» ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እሑድ ቡና ተፈላ። እናቷ ማጨሻው ላይ ዕጣን ጣል አደረገች። «ይሄስ ከምንድነው የሚሠራው?» አለች ልጅት። ትንሹ ወንድሟ ቀደም ብሎ «ከፋብሪካ!» አለ። እናቱ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ እውነቱን ልንገራችሁ አፈርኩ። ታሪክ ሳስተምር ይሄው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነኝ። በየዓመቱ ፑንት ጋ ስደርስ «ዕጣን፣ ከርቤ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ» ብዬ የሱቅ ዝርዝር እንደማነብ እዘልቀዋለሁ። እኔ ያስተማርኳችሁ ታስታውሱ ይሆናል፣ «ከፑንት ወደ ግብፅ ይላኩ የነበሩ ዕቃዎችን ዘርዝሩ» ለሚለው 4 ማርክ እሰጥ ነበር። አንድም ቀን ግን ዕጣን የዛፍ ቁስል መሆኑን፣ ያ ዛፍ ዛሬም መተማና ቋራ፣ ሁመራና ተከዜ ሸለቆ ቆሞ እንዳለ ነግሬያችሁ አላውቅም። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ የዘገየ ክፍለ ጊዜ ነው ብላችሁ ቁጠሩልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ይዤ መርካቶ ወጣሁ። ሜተማ ድረስ ልወስዳቸው አልችልም፣ አቅሙም የለኝም፣ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። መርካቶ ግን የአገሩን ሁሉ ምርት ጎትቶ ያመጣል። አውቶቡስ ተራ ወርደን በእግር ተጓዝን። ሸክም የያዘ ሁሉ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ይላል፣ ልጆቼ እጄን ሙጭጭ አድርገው ይዘዋል። ቅመማ ቅመም የሚሸጥበት ጋ ስንደርስ አይን ሳይሆን አፍንጫ ነው መንገዱን የሚያሳየው። በርበሬው ያስነጥሳል፣ ኮረሪማው ይመጣል፣ ከዚያ ዕጣኑ።

አንዲት ትልቅ ሴት ጋ ቆምን። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ እዚያው ቦታ ላይ ናቸው። «እማማ፣ ዕጣን ነበር» አልኳቸው።

«ለቡና ነው ለቤተ ክርስቲያን?»

«ለትምህርት ነው» አልኩ፣ ልጆቹን እያሳየሁ።

«ለትምህርት ዕጣን ሲገዛ ገና ዛሬ አየሁ!» ብለው ሳቁና ለልጆቹ በርጩማ ሰጧቸው። ከዚያ ጆንያውን በየተራ ከፈቱ። ነጩና ፍሬው ትልልቅ የሆነው ውዱ ነው። ቢጫማው ይከተላል። ደቃቁ፣ ቅርፊትና አቧራ የተቀላቀለው፣ ርካሹ ነው፣ ብዙ ቤት ለቡና የሚጨሰው እሱ ነው። ጠቆር ያለው የቦረና ዕጣን ይባላል፣ ዛፉም ሌላ ዝርያ ነው። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ዛፉን አይቆርጡትም፣ ከብት ጠባቂዎችና ሴቶች ዛፉ በራሱ ጊዜ ያወጣውን ይለቅማሉ። ቀይ ቡናማ ሆኖ የሚመረውን ከርቤ ልጄ በምላሷ ነክታ ፊቷን አጨማደደች። ሉባንጃም አለ። ስሙ ከዓረብኛው «ሉባን ጃዊ» የመጣ ነው፣ የጃቫ ዕጣን ማለት ነው፣ የባሕር ማዶ ዕቃ መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። በጠዋት የቡና ጭሳችን ውስጥ የህንድ ውቅያኖስ ንግድ አለ ብላችሁ አልተጋነነም።

ሱቁ ጥግ ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጦ ዕጣን ይለቅማል፣ ትልቁን ከትንሹ፣ ነጩን ከጠቆረው ይለያል። እማማ «እሱን ጠይቁት፣ እኔ ሻጭ ነኝ፣ ቆራጩ እሱ ነው» አሉን። ትውልዱ ትግራይ ነው። በጉርምስናው አምስት በጋ መተማ ወርዶ ዕጣን ቆርጧል። መምህር መሆኔን ሲሰማ ቁጭ ብሎ አስተማረኝ።

ዛፉን በትግርኛ መቐር ይሉታል። ቆላ ነው የሚበቅለው፣ ድንጋያማ ገደል ላይ፣ ሌላ ነገር እንቢ ባለበት መሬት። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ ይነሳል (ሳይንሳዊ ስሙ ፓፒሪፌራ የተባለው በዚሁ ነው፣ ወረቀት የሚያፈራ እንደማለት)። በጋ ላይ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ ደረቅ እንጨት ይመስላል። ሥራው የሚጀመረው ያኔ ነው፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም መጨረሻ ወይ ጥቅምት። መሣሪያው ምንጋፍ ይባላል፣ አጭር እጀታ ያላት ስለታም ብረት ናት። በእሷ ግንዱን ስስ አድርገው ይልጡታል። መቁረጥ ስንል መጥረቢያ አይደለም፣ ጥፍር የምታክል ቅርፊት ማንሳት ናት። ሰውዬው ካርቶን አንስቶ በማንኪያ ጠርዝ አሳየን፣ «ልክ እንዲህ። ከጠለቀ ዛፉ ይሞታል፣ ካልጠለቀ አያለቅስም» አለ።

የመጀመሪያው ቁስል ብዙ አይሰጥም። ወተት የመሰለ ነገር ያወጣል፣ አየር ሲያገኘው ይደርቃል። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይተው ይመለሱና የደረቀውን ለቅመው ያንኑ ቁስል ትንሽ ሰፋ አድርገው ያድሱታል። ደግሞ ሁለት ሳምንት። እንዲህ እያሉ እስከ ግንቦት፣ ዝናብ እስኪመጣ ይዘልቃሉ። አንዱ ቁስል በአንድ በጋ ብዙ ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው። የድሮ ሰዎች ሥርዓት ነበራቸው፣ በምሥራቅ በኩል ሦስት፣ በምዕራብ በኩል ሦስት፣ በቃ። «አሁን ግን» አለ ሰውዬው፣ «በኪሎ ስለሚከፈለው እጥፉን የሚያቆስል አለ። ሙቀቱ አርባ ዲግሪ፣ ውኃ የለም፣ እባብ አለ፣ ወባ አለ። ቶሎ ሞልቶ መውጣት ነው ሐሳቡ።»

ልጄ ይሄን ሁሉ ዝም ብላ ሰማችና «ዛፉን ያመዋል?» አለችው።

«ያመዋል እንጂ» አላት። «ካላመመውማ ለምን ያለቅሳል?»

ሳይንሱም ከእሱ ብዙ አይርቅም። ሙጫው የዛፉ መድኃኒት ነው፣ የተከፈተውን ቦታ ይደፍንበታል፣ ነፍሳት እንዳይገቡበት ይከላከልበታል። እኛ የምናጨሰው የዛፉን የቁስል መሸፈኛ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ።

ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት የግብፅዋ ንግሥት ሐትሼፕሱት መርከቦች ወደ ፑንት ላከች። ዴይር ኤል ባሕሪ በሚባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ጉዞው ተቀርጿል፣ አምስት መርከቦች ይታያሉ። የፑንት ገዢ ፓራሁና ሚስቱ አቲ ወጥተው ሲቀበሉ ይታያሉ። ቤቶቹ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው፣ በመሰላል ነው የሚወጣው። እኔን ዘንድሮ የገረመኝ ግን በየዓመቱ የማልፈው አንድ ነገር ነው፤ ሰዎች በሸክም እንጨት ላይ ዛፍ አንጠልጥለው ወደ መርከብ ሲያስገቡ ይታያል። ዛፉ ከነሥሩ በቅርጫት ነው ያለው። ግብፃውያኑ ዕጣን ገዝተው ብቻ አልተመለሱም፣ ዛፉን ራሱን ነቅለው አገራቸው ሊተክሉት ወሰዱ። ዕጣን ነው ወይስ ከርቤ የሚለውን ምሁራን እስካሁን ይከራከሩበታል። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ በየጊዜው ባሕር ተሻግሮ ከመግዛት ደጃፍ ላይ ማብቀል። ዛሬ አንድ ባለሀብት የሚያስበውን ሴትየዋ ያኔ አስባዋለች።

ፑንት የት ነው? ይሄን ጥያቄ ከናንተ ያልጠየቀኝ የለም። አንድ ደስ የሚል ማስረጃ አለ። ግብፃውያን ከፑንት ዝንጀሮ ያስመጡ ነበር፣ ሲሞት አስከሬኑን በመድኃኒት ያደርቁታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት የእነዚያን ዝንጀሮዎች አካል በቤተ ሙከራ መርምሮ የትውልድ ቦታቸው የዛሬዎቹ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ ያሉበት አካባቢ መሆኑን አመልክቷል። ዝንጀሮ የታሪክ ምስክር ይሆናል ብሎ ማን ያስባል!

ከዚያ ወደ አክሱም እንምጣ። እዚህ ጋ አንድ ስህተቴን ላርም። ክፍል ውስጥ «አክሱም ዕጣን በአዱሊስ በኩል ትልክ ነበር» እያልኩ በደፈናው አስተምር ነበር። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መመሪያ ከአዱሊስ የሚወጣ ብሎ የሚዘረዝረው የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ድንጋይና የአውራሪስ ቀንድ ነው። ዕጣኑን የሚጠቅሰው ወረድ ብሎ በሶማሌ ጠረፍ ባሉ ወደቦች ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአጼ ካሌብ ጊዜ፣ አዱሊስን በዓይኑ ያየው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ ነገሩን ያገናኝልናል። ዕጣን የሚበቅለው በኢትዮጵያ ዳርቻ ነው፣ የጠረፍ ሰዎች ወደ ውስጥ ገብተው ይገዙና በባሕር ወደ አዱሊስ፣ ወደ የመን፣ ወደ ህንድና ወደ ፋርስ ይልኩታል ይላል። ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ደብተራችሁ ካለ አስተካክሉት፤ አዱሊስ ዕጣን የሚላክበት ብቻ ሳይሆን ዕጣን የሚገባበትም ወደብ ነበር።

ተፈላጊነቱ ከየት መጣ ካላችሁ መልሱ ከሃይማኖት ነው። ግብፃዊው ለአማልክቱ ያጨሳል፣ ሙሴ በኦሪት የዕጣን ቅመም አሠራር ታዘዘ፣ ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ አመጡ። የሮም ሰው ሬሳ ሲያቃጥል ዕጣን ይጨምርበታል። እኛ ጋ ካህኑ ጽናውን እያወዛወዘ ያጥናል። መርካቶ ራጉኤል ገብታችሁ ከቅዳሴ ስትወጡና ጥቂት ተራምዳችሁ አንዋር መስጊድ አካባቢ ስታልፉ አየሩ ላይ የሚቀረው ሽታ ከአንድ ጆንያ የወጣ ነው። እማማ «እኔ ጋ ሁሉም ደንበኛ ነው» ያሉት ለዚህ ነው።

መርካቶ ራሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልጅ ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ብሎ «የአገሬውን ገበያ» ወደ ምዕራብ ገፋው። ስሙም ቋንቋውም የቀረው ከዚያ ነው። ዛሬ ከሁመራ የተጫነ ዕጣን ሳይራገፍበት የማያልፈው ቦታ የተወለደው በዘር ማግለያ ፕላን ነው።

መተማን እንይ ደግሞ። መተማ ስንል እኛ የታሪክ መምህራን አንድ ነገር ብቻ ነው የምናውቀው፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ አጼ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት። ግን መተማ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የጎንደርና የሱዳን ነጋዴዎች መገናኛ ነበረች፣ በዙሪያዋ ያለው ጫካ ደግሞ የዕጣን ጫካ ነው። ንጉሡ የወደቁበትን አገር ካርታ ላይ እናሳያለን፣ ዛፉን ግን አናሳይም። በደርግ ዘመን ንግዱን የተፈጥሮ ሙጫ ማምረቻና ማሻሻጫ ድርጅት የሚባል የመንግሥት ተቋም ያዘው፣ ከ1983 በኋላ የግል ኩባንያዎችና ማኅበራት ገቡበት። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ዕጣን ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከዚህ ከእኛና ከሱዳን ዛፍ ነው። አብዛኛው ተለቅሞ፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ በጆንያ ይወጣል። ሽቶውና ዘይቱ የሚሠራው ውጭ ነው።

ካናዳዎች ስለዚያ ስለ ሜፕላቸው እንዴት እንደሚጠነቀቁ እህቴን በስልክ ጠየቅኳት። ግንዱ በደንብ ሳይወፍር አይነኩትም፣ ያ ደግሞ 30 እና 40 ዓመት ይፈጃል። በዓመት አንድ ቀዳዳ፣ ትልቅ ከሆነ ሁለት። በሚቀጥለው ዓመት የድሮውን ቀዳዳ አይደግሙትም፣ ራቅ አድርገው ሌላ ይበሳሉ፣ አሮጌው ይሽራል። ጥበቡን ደግሞ ነጮቹ የተማሩት ከአገሬው ነባር ሕዝቦች ነው። ኩቤክ የሚባለው ክፍለ ሀገር የዓለምን ሽሮፕ 70 በመቶ ገደማ ያመርታል፣ አምራቾቹ እንደ ነዳጅ የመጠባበቂያ ክምችት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚያ መጋዘን 3,000 ቶን የሚጠጋ ሽሮፕ ተሰርቆ ተገኘ፣ 18 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ። ለልጆቼ ስነግራቸው ከሐትሼፕሱት ይልቅ እሱን ነው የወደዱት፣ ምን ላድርግ።

የእኛስ? ሰውዬውን «ዛፉ ያርፋል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ድሮ ያሳርፉት ነበር» አለኝ። አሁን ከዓመት ዓመት የሚቆረጥ ብዙ ነው። ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፣ ሳነብ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት ታትሟል። ከተጠኑት የዕጣን ደኖች ውስጥ ሦስት አራተኛው ትናንሽ ዛፍ የለውም። አሮጌዎቹ ቆመዋል፣ ከሥራቸው ግን ልጅ የለም፣ ያውም ለአሥርተ ዓመታት። በዚህ ከቀጠለ በሃያ ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከብት ይገባበታል፣ ቡቃያውን ይበላል። በየበጋው እሳት ይለቀቅበታል። ለሰሊጥና ለማሽላ ይመነጠራል። ያለቅጥ መቁረጡ ይጨመርበታል፣ የተዳከመውን ዛፍ ደግሞ ግንድ የሚበሳ ጥንዚዛ ይጨርሰዋል። በ2013 የጀመረው ጦርነት ደግሞ የነካው ያንኑ አገር ነው።

ከሁሉም ልቤን የነካው ኤርትራ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ነው። ካልተቆረጡ ዛፎች የተለቀመ ዘር ከ80 በመቶ በላይ በቀለ። በየጊዜው ከሚቆረጡት የተለቀመው ግን 16 በመቶ ገደማ ብቻ። ምክንያቱን አስቡት፣ ዛፉ ያለውን ጉልበት ቁስሉን ለመድፈን ስለሚያፈሰው ለዘሩ የሚተርፈው የለም። የእናትን ሕይወት ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልገውም።

ቆራጩን መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን አልደፍርም። ሰውዬው አምስት በጋ ሠርቶ የተረፈው ወባና አሁን የሚለቅምበት በርጩማ ነው። መሬቱ የሱ አይደለም፣ ዛፉ የሱ አይደለም፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ይመለስ አይመለስ አያውቅም። ለማያገኘው ዛፍ ለምን ይራራል? ካናዳዊው ገበሬ የሚጠነቀቀው ዛፉ ለልጁ እንደሚተርፍ ስለሚያውቅ ነው። ጨዋነት ብቻ አይመስለኝም። በአንዳንድ ቦታ ደኑን ከልለው፣ ከብት ከልክለው፣ ለአካባቢው ማኅበራት የሰጡ አሉ፣ በተከለለው ቦታ ችግኝ ብቅ ማለቱንም ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ችግኙ ግን ታጋሽ ነው። በየክረምቱ ወጥቶ በየበጋው ከላይ ይደርቃል፣ ሥሩን እያጠነከረ ዓመታት ይቆያል፣ ከዚያ ነው ቀና የሚለው።

ነጩን ዕጣን ሩብ ኪሎ ገዛን። እማማ ለልጆቹ ከርቤ መረቁላቸው፣ «ሆድ ሲቆርጣችሁ» ብለው። ሰውዬው ለልጄ አንዲት ትልቅ ፍሬ መርጦ ሰጣት፣ እንባ የምትመስል፣ ጥርት ያለች። አታጨሳትም፣ እርሳስ መያዣዋ ውስጥ አስቀምጣታለች።

ማታ ዛፉን ልሳለው አለችና ወረቀት ይዛ መጣች። ግንዱን ሳለች፣ ቁስሎቹን በቀይ አደረገች፣ በምሥራቅ ሦስት፣ በምዕራብ ሦስት። ከዚያ «ቅጠሉ ምን ይመስላል?» አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ፣ የሚመጣልኝ አብዛኛው የኦማን ዛፍ ነው፣ ሌላ ዝርያ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መተማ፣ ቋራ፣ አርማጭሆ፣ ሁመራ፣ ዋግ፣ አባይ በረሃ አካባቢ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠሩም፣ የምታስተምሩም። ክረምት ሲገባ፣ ሰላም ሆኖ ካለፋችሁበት፣ ቅጠል ያወጣውን ዛፍ ፎቶ አንሱልኝ። ከቻላችሁ ደግሞ ከሥሩ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ አንድ ክንድ የማትሞላ ችግኝ ካገኛችሁ እሷን አንሱልኝ። መስከረም ላይ ፑንት ጋ ስደርስ ክፍል ውስጥ ልሰቅላት እፈልጋለሁ።